ከፊልሙ የሰረዝኩት ስም

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም። ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ስዘረዝር ይቺ ላይ ስደርስ እዘላለሁ። ለእናንተ የደፈርኩት መንገድ ላይ ብንገናኝ ስለማታውቁኝ ይሆናል።

ሚዛን ተፈሪ፣ ከገበያው በታች፣ ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። እሁድ ከሰዓት የህንድ ፊልም አሳያለሁ። ፊልሙ ሊጀምር ሲል የሚያልፈውን የስም ዝርዝር ተመልካቹ አይወደውም፤ «አሳልፈው» እያለ ይጮህብኛል። ሙና ብቻ «ተወው በናትህ» ትለኛለች። ሙና የጨርቅ ነጋዴው የአቶ ነስሩ ልጅ ናት፤ ከጅማ በኩል የመጡ ሙስሊም ቤተሰብ ናቸው። ያን ሁሉ ዝርዝር የምትጠብቀው አንድ ስም ለማየት ነው፤ የዘፋኟን።

የዘፋኟን ታሪክ ከአንድ ህንዳዊ መምህሯ ሰምታ በቃሏ ይዛዋለች። ሴትዮዋ በልጅነቷ ሰርግ ቤት ስትዘፍን አድጋ፣ ኋላ በአንድ ፊልም ለሙሽራዋም፣ ለአማቷም፣ ለመሸታ ቤቷ ሴትም ድምፅ የምትሰጥ ሆነች። አርጅታም ለኮረዳ ትዘፍን ነበር። ተዋናይዋ አፏን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። ሙና ይህን ስታወራ ዓይኗ ይበራል። «ፊቷን ማንም አያውቀውም፣ ስሟን ግን አገር ያነበዋል» ትላለች።

እኔም ከከተማው ልጆች ጋር ፊልም ልሥራ ብዬ ስነሳ ዘፈኖቹን ለሙና ሰጠኋት። የዕቃ ክፍሌን ግድግዳ በብርድ ልብስ ሸፍነን ቀዳናት። የሚዛን ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ቁጭ ብለን እንጠብቃለን፣ ሲያባራ እንደገና እንጀምራለን። አንዱን በሙሽራ ድምፅ፣ አንዱን በአሮጊት ድምፅ ዘፈነች። ሦስተኛው ዘፈን ልጅ ማስተኛ እሹሩሩ ነው፤ ከጎረቤቷ ሴት በቤንችኛ የተማረችው። እሱን ስትቀዳ አለቀስኩ። አልደብቃችሁም፣ አለቀስኩ፤ ኋላ ምን እያጠፋሁ እንደነበር አላወቅኩም እንዳልል ነው ይህን የምነግራችሁ።

አባቷ ልጃቸው ስክሪን ላይ እንድትታይ አይፈልጉም። እሷም የለመነችኝ አንድ ነገር ነው። «ፊቴ ይቅር። ስሜን ግን ከአባቴ ስም ጋር ጻፍልኝ።» ማርያምን አልኳት። ሙና ነስሩ ብዬ ጻፍኩት፤ አምስት ፊደል ነው።

አፏን የምታንቀሳቅሰው ተዋናይ ሰብለ ነበረች። ሰብለን እወዳት ነበር፣ እሷ ግን ገና አላየችኝም። ፊልሙ ሳይወጣ ዘፈኖቹ በፍላሽ ወጥተው ባጃጅ ሁሉ ያጫውታቸው ጀመር። ከተማው ዘፋኟ ሰብለ ናት አለ፣ ሰብለም አይደለሁም አላለችም። አንድ ቀን ቪዲዮ ቤቴ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ እኔ መስዬዋለሁ፣ የሷን ስም ብታስገባ የት እገባለሁ አለችኝ። ታዲያ በሰብለ ላሳብብ? እጄን ማን ያዘኝ? አምስቱን ፊደል አንድ በአንድ የሰረዝኩት እኔ ነኝ። በቦታው የሰብለን ስም የጻፍኩትም እኔ ነኝ።

ፊልሙን በአዳራሽ ያሳየን ዕለት ሙና አባቷን ይዛ መጣች። አቶ ነስሩ ፊልም ቤት ገብተው አያውቁም። ስማችን ይወጣል ብላ ስንት ወር ለምናቸው ይሆን? መነጽራቸውን አድርገው ፊደሉን እየለቀሙ ሲያነቡ ከፕሮጀክተሩ አጠገብ ቆሜ አያቸዋለሁ። ዘፈን ከሚለው ሥር የሰብለ ስም አለፈ። አባትየው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «መጨረሻ ላይ ይሆናል አባ» ስትላቸው ሰማሁ።

እስከ መጨረሻው ተቀመጡ። እሹሩሩው ላይ ሴቶቹ በነጠላቸው ዓይናቸውን ሲጠርጉ፣ እሷ የራሷን ድምፅ ከሰብለ አፍ እየሰማች ተቀመጠች። የመጨረሻው ዝርዝርም አለፈ። አቶ ነስሩ መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ። አልተቆጡም። «ተነሺ ቤት እንሂድ። ሁለተኛ እንዳትዋሺኝ» አሏት።

ሙና ወደኔ አየች። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት፤ እውነቷን ነው ማለት። እኔ ገመድ መጠቅለል ጀመርኩ። በማግስቱስ? የአባቷ ሱቅ ከኔ አምስት ደቂቃ አይሆንም። ያን መንገድ ትቼ በሌላ በኩል መሄድ ለመድኩ።

ሰብለን አገባሁ። ሰርግ ላይ ዝፈኚልን ሲሏት ጉሮሮዬን አሞኛል ትላለች፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ጉሮሮ አልዳነም። ሙና ቴፒ አግብታ የጨርቅ ሱቅ ከፈተች። ሁለተኛ አልዘፈነችም ይላሉ።

ባለፈው ወር አቶ ነስሩ አረፉ ሲሉኝ ቴፒ ወረድኩ። ጨርቅ እየለካች አገኘኋት። ፊልሙን አስተካክዬ ኢንተርኔት ላይ እንደገና እጭነዋለሁ፣ ስምሽን ከነአባትሽ እጽፋለሁ አልኳት። ጨርቁን ቆርጣ፣ አጥፋ ለደንበኛዋ ሰጠች። ከዚያ ነው ያየችኝ።

«አባቴ ልጄ ዋሾ ናት እንዳሉ ሞቱ። አሁን ብትጽፈው ማን ያነብልኛል?»

ሌላ አላለችም፤ ወደሚቀጥለው ደንበኛ ዞረች።

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሹፌሩ እሹሩሩውን ከፈተው። በመስታወቱ አይቶኝ ኖሮ ለተሳፋሪው «የዚህ ሰውዬ ባለቤት ናት እኮ የዘፈነችው» አለ። ወደኔም መለስ ብሎ «አይደለም እንዴ ጋሼ?» አለኝ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። የሙና ቃል ገና ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

አዎ አልኩት። እንግዲህ ይቅር በሉኝ የምለው በየትኛው አፌ ነው?