ከእንጦጦ ማርያም ደጅ እስከ ሐኪሙ ክፍል

ከዚህ በፊት ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ ጠመኔ የያዝኩት በቀበሌያችን የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ለእናቶች ፊደል ሳስቆጥር ብቻ ነው። የጣቢያው ኃላፊ ማንበብ ለጀመሩት የሚሆን የጉዞ ታሪክ እንድንጽፍ ሲጠይቁን፣ ጓደኞቼ ስለ ሐረርና ስለ አሰብ ጻፉ። እኔ ከአዲስ አበባ ወጥቼ አላውቅም። ሩቅ ነው የምለው መንገድ ቢኖር፣ እናቴን ይዤ ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ የወጣሁበት፣ ከእንጦጦም ሆስፒታል ወርጄ የተመለስኩበት ነው። የጻፍኩትን ከመስጠቴ በፊት ለእናቴ በቋንቋዋ ነገርኳት። ስሜን አትጻፊ አለችኝ፤ ሌላው ይቀመጥ አለች።

የተነሣንበት ምክንያት

አባቴ ሸማኔ ነው። በሸማኔዎች ማኅበር ውስጥ ይሠራል። እናቴ ጥጥ ትፈትላለች። ሁለቱም ከጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው። ታላላቆቼ አግብተው ወጥተዋል፤ ቤት የቀረሁት እኔ ነኝ። አባቴ አማርኛውን በገበያ አቀላጥፎታል፤ እናቴ ግን ከቤትና ከቦኖ ስለማትርቅ ሰላምታና ዋጋ ከመጠየቅ አታልፍም።

ያን ሰሞን እናቴ ከቦኖ ውኃ ተሸክማ ስትመለስ ወደቀች። ከዚያ በኋላ መሸከም አቃታት። አባቴ ሁለት ጊዜ ሐኪም ቤት ወሰዳት። የሚተረጉመው እሱ ነው። እሷ «ወገቤን» ትለዋለች፣ እሱም ለሐኪሙ «ወገቧን» ይላል፣ የወገብ ቅባትና ክኒን ይዘው ይመለሳሉ። ለውጥ የለም። በመጨረሻ አባቴ፣ አሁንም ካልተሻላት ጨንቻ እህቷ ዘንድ እልካታለሁ አለ። ከክፋት አልነበረም። ውኃ የማትቀዳ፣ እንጨት የማታነሣ ሴት በከተማ እየተጨነቀች ከምትኖር፣ አገሯ ብትገባ ዘመድ ያግዛታል ብሎ ነው። እናቴ ግን እኔንና ቤቷን ትታ መሄድ አልፈለገችም።

የሦስተኛው ቀጠሮ ቀን ማኅበሩ አባቴን ፈቃድ ከለከለው። «አንቺ ውሰጃት» አለኝ። እናቴ ይህን ስትሰማ እንዝርቷን አስቀምጣ፣ መጀመሪያ ማርያም ደጅ አድርሺኝ አለችኝ።

ዳገቱ

ገና ጎሕ ሲቀድ ወጣን። ቆጮ በቅጠል ጠቅልዬ፣ ማባያ የሚሆን ጥቂት ዳጣ በብልቃጥ ይዣለሁ። የሽሮ ሜዳ የሸማ ሱቆች አልተከፈቱም። ከሱቆቹ በላይ አስፋልቱ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ እኛ ግን በአቋራጩ ገባን። ዝናብ ጥሎ ስላደረ የባሕር ዛፉ ቅጠል ያዳልጣል። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ከጫካው ይወርዱ ነበር። ሸክማቸው ከራሳቸው በላይ ስለሚሄድ ከፊት ሲታዩ ዛፉ ራሱ እየተራመደ የሚመጣ ይመስላል።

እናቴ እግሯን ፈርከክ እያደረገች ትራመዳለች። በየመታጠፊያው ቆማ ቁልቁል ከተማውን ታያለች። ከተማውን ማየት ደስ ብሏት መስሎኝ ነበር። ከተሸካሚዎቹ አንዷ ስታልፈን፣ እናትሽን እንደ በግ ከፊት ከፊት ትነጃታለሽ እንዴ፣ ደግፊያት እንጂ አለችኝ። ጓደኞቿ ሳቁ። አፍሬ የእናቴን ክንድ ያዝኩ። ክንዷ ላብ በላብ ሆኗል፤ ብርዱ ግን ጥርስ ያንቀጫቅጭ ነበር።

ከቅጥሩ ውጭ

እንጦጦ ማርያም ስንደርስ እናቴ እንደ ልማዷ ከቅጥሩ ውጭ፣ ከበሩ በስተግራ ቆመች። ከልጅነቴ ጀምሮ እዚያው ስትቆም ነው የማውቃት። እኔ ገብቼ ተሳልሜ እመለሳለሁ፤ እሷ ከውጭ ትሰግዳለች። አማርኛ ስለማትችል፣ በሰው መሐል መግባት ስለምታፍር ይመስለኝ ነበር።

ከጎኗ ሁልጊዜ የምትቆም አንዲት ሴት አለች። እማማ በላይነሽ ይሏታል። እንጨቷን ቅጥሩ ላይ አስደግፋ ትጸልይና ተሸክማ ትወርዳለች። እሷም ገብታ አታውቅም። ሁለቱ በቋንቋ አይግባቡም። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ሰላም ይባባላሉ፣ አንዷ የያዘችውን ቆሎ ለሌላዋ ትዘግናለች፤ በቃ።

ልገባ ስል እናቴ ነጠላዬን ያዘችና ወደ ዛፉ ሥር ወሰደችኝ። ፊቷን ወደ ግንዱ አዙራ ነገረችኝ።

«የሚያመኝ ወገቤ አይደለም። ከውስጥ የሚወጣ ነገር አለ። ስቆም ይወርዳል፣ ስተኛ ይመለሳል። ድሮ አልፎ አልፎ ይደማ ነበር፤ አሁን ደግሞ አይቆምም። እየደማሁ እንዴት አድርጌ ነው እሷ ደጅ የምገባው?»

ለአባቴ ለምን እንዳልነገረችው ጠየቅኳት። ለአባትሽ ከምነግረው ጨንቻ ብሄድ ይሻለኛል አለችኝ። ቀጥላ፣ «ለሐኪሙ አንቺ ትነግሪልኛለሽ» አለች።

እኔ ባለሱቁ መልስ ሲያጎድልብኝ እንኳ ዝም ብዬ ቤቴ የምገባ ሰው ነኝ።

እማማ በላይነሽ ከሩቅ ታየን ነበር። ያወራነውን በቋንቋችን ስለሆነ አልሰማችም። መጥታ የእናቴን ቀሚስ በስተኋላ አየች። ከዚያ አሮጌ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና እናቴ ወገብ ላይ አዙራ አሰረችላት። አንድም ነገር አልጠየቀችም። ተመልሳ ቦታዋ ቆመች። ያን ቀን እኔም ሳልገባ ከውጭ ተሳልሜ ወረድን።

ቁልቁል

መውረዱ ከመውጣቱ ይከብዳታል። ሽሮ ሜዳ እስክንደርስ ፀሐዩ ከረረ። ታክሲ ያዝን፤ ሒሳቡ ለሰው ስሙኒ ነው። ትንሿ ሰይቼንቶ ውስጥ ተጨናንቀን ስንቀመጥ እናቴ ወንበሩን እንዳታበላሽ ፈርታ ጫፉ ላይ ተንጠለጠለች። ሾፌሩ በመስተዋት አይቷት፣ እናት፣ ወንበሩ አይነክስም፣ ደልደል ብለው ይቀመጡ አላት። ተሳፋሪው ሳቀ። እናቴም ቀልዱ ሳይገባት ከሰው ጋር ሳቀች።

እኔ መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ፈልጌ አጣሁ። በቤታችን ያ ነገር ስም የለውም። በቦኖ ሰልፍ ላይ ወጣቶቹ ሲሰዳደቡ የሚጠሩበት ስም አለ፤ እሱን ለእናቴ አልልም። ስድስት ኪሎን ካለፍን በኋላ ግን ጠዋት ጠዋት ለእመቤታችን በማደርሰው ጸሎት ውስጥ ያለ ቃል ትዝ አለኝ። ማኅፀን። በየቀኑ እለዋለሁ፤ እናቴም እኔም ያለን ነገር ነው ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

የሐኪሙ ክፍል

ሆስፒታሉ ግቢ ሰው ሞልቷል። ሣሩ ላይ ቁጭ ብለን ቆጮውን በላን።

ተራችን ሲደርስ የገባንበት ክፍል በሩ አይገጥምም። ኮሪደሩ ላይ የሚጠብቁት ሰዎች ጫማ በክፍተቱ ይታያል። ሐኪሙ የኩባ ሰው ነው፤ ወጣት ነው። ከጎኑ የተቀመጡት ሲስተር የምንለውን በእንግሊዝኛ ይነግሩታል። እናቴ በጋሞኛ፣ እኔ በአማርኛ፣ ሲስተር በእንግሊዝኛ፤ ያ ነገር እሱ ዘንድ እስኪደርስ ይህን ሁሉ መሻገር አለበት።

ሲስተር ምኗን እንደሚያማት ጠየቁኝ። አፌ ላይ ቀድሞ የመጣው ወገቧን የሚለው ነበር። እሱን ብል ቅባቱን ይዘን ወጣን ማለት ነው። እናቴ አየችኝ። ለራሴ እንኳ በማይሰማ ድምፅ ያን የጸሎቱን ቃል አልኩ።

«ጮክ በይ እንጂ። ጠንቋይ መሰልኩሽ?» አሉ ሲስተር።

በበሩ ክፍተት የሚታዩትን ጫማዎች አየሁ። ከዚያ እናቴ ዛፉ ሥር እንዳደረገችው ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«ማኅፀኗ ይወጣል» አልኩ። «ስትቆም ይወርዳል፣ ስትተኛ ይመለሳል። አሁን ይደማል።»

ሲስተር ብድግ ብለው በሩን ገፍተው ወንበር አስደገፉበት። ሲመለሱ ድምፃቸው ሌላ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

እናቴን ጠየቅኳት። መሬት መሬት እያየች መለሰችልኝ። እኔ ግን ቶሎ መተርጎም አልቻልኩም።

«ምን አለች?»

«የመጨረሻ ልጇን ከወለደች ጀምሮ።»

«የመጨረሻ ልጇ ስንት ዓመት ሆነው?»

«እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ሲስተር ለሐኪሙ ይህን ሲነግሩት እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ቀጥሎ ወደ እናቴ ዞሮ በተሰባበረ አንደበት አይዞሽ አላት። እናቴ ልተርጉምላት አልጠበቀችም። ያቺን ቃል ታውቃታለች።

ከመጋረጃው ጀርባ መረመሯት። ከብዙ ወሊድና ከሸክም የሚመጣ ነው፣ ብዙ ሴቶች አለባቸው፣ የሚመጡት ግን ጥቂት ናቸው አሉኝ ሲስተር። ለቁስሉ መድኃኒት ሰጧት። ቁስሉ ሲደርቅ ደግሞ እንደ ቀለበት ክብ የሆነ ጎማ ከውስጥ ደግፎ እንዲይዘው እንደሚያስገቡላት፣ ወደ ፊት ቀዶ ጥገና ቢያስፈልግም እንደሚሠሩላት ነገሩን። ከባድ ነገር እንዳታነሣ አስጠነቀቁ። እናቴ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያን መግባት ትችል እንደሆነ። ሲስተር ይህን ለሐኪሙ አላስተላለፉትም።

«ይህን እሱ አያውቀውም» አሉኝ። «ደሙ ሲቆም ትግባ በያት።»

ወደ ቤት

በታክሲ ስንመለስ እናቴ ትከሻዬ ላይ ተኛች። አባቴ ማታ ሲገባ ምን አሉ ብሎ ጠየቀ። እናቴ ወደ ጓዳ ገባች። ወገቧ አይደለም፣ የወሊድ ጣጣ ነው፣ ይድናል፣ ሸክም ግን የለም አልኩት። አባቴ ብዙ ጊዜ ሸማውን ሲዳስስ ቆየ። ስለ ጨንቻ ከዚያ ወዲያ አላነሣም። በነጋታው ጀሪካን ይዞ ቦኖ ሄደ። ሴቶቹ ሸማኔው ዛሬ ውኃ ሊሸምን መጣ እያሉ ሳቁበት። እሱ ግን ሰልፉን ጠብቆ ቀድቶ ተመለሰ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ ሕመም በሌላ ስም ሲነገር የሚሰጠው መድኃኒትም የሌላ ሕመም መሆኑን ነው። አባቴም ሆነ ሐኪሞቹ አልዋሹም። የሰሙትን ነው ያከሙት።

እንደገና ዳገቱ

ጎማው ከገባላት፣ ደሙም ከቆመ በኋላ፣ ለማርያም ቀን ተመልሰን ወጣን። እናቴ በየመታጠፊያው አልቆመችም። የእማማ በላይነሽን ነጠላ አጥቤ አጥፌ ይዤዋለሁ።

እማማ በላይነሽ ቦታዋ ነበረች። እናቴ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ሰላም አለቻትና ከጎኗ ሳትቆም አለፈቻት። በሩ ላይ ስትደርስ ጫማዋን አወለቀች፣ መቃኑን ሳመች፣ ገባች። እማማ በላይነሽ በዓይኗ ተከተለቻት። እናቴ ከሴቶቹ መሐል ገብታ እስክትጠፋ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም።

ነጠላውን ስሰጣት አልተቀበለችኝም፤ እጄን ያዘችው። እናትሽን ማን አዳናት ብላ ጠየቀችኝ። ሐኪም አልኳት። ምን ብላ ነገረችው አለች። እኔ ነኝ የነገርኩላት፣ እሷ አማርኛ አትችልም አልኳት።

እማማ በላይነሽ ቅጥሩ ላይ ያስደገፈችውን እንጨት አየች፣ በሩን አየች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ አማርኛ እችላለሁ» አለችኝ። «ግን አንቺ ንገሪልኝ።»