የሰርኪስን አባት ፍለጋ

እሑድ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ፔታሕ ቲክቫ

ወደ ኢየሩሳሌም የተነሣሁት ለጸሎት እንዳይመስላችሁ። የተነሣሁት አንዲት ወረቀት ፍለጋ ነው። ልጄ አዳነች ከሦስት ሳምንት በኋላ ታገባለች። የጋብቻ መዝገብ ያዡ ግን መታወቂያችንን አገላብጦ አየና፣ "ሰርኪስ? ይህማ የአርመን ክርስቲያን ስም ነው። አይሁድ መሆናችሁን የሚያስረዳ ነገር ካላመጣችሁ አልመዘግብም" አለን። ልጄ እዚያው አለቀሰች። እኔ ጠረጴዛውን በቡጢ መትቼ ወጣሁ፤ የተረፈኝ የእጅ ሕመም ብቻ ነው።

ስሙን በራሳችን ላይ ያመጣሁት ደግሞ እኔው ነኝ። ባለፈው ዓመት ከሱዳን ስንገባ የተቀበለን ጸሐፊ "የቤተሰብ ስም?" አለኝ። እኛ አገር የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የት አለና! ዘሬን የጠየቀኝ መሰለኝ። ለጋብቻ ሽማግሌ ፊት እንደሚቆጠረው ከራሴ ጀመርኩለት፦ ታከለ፣ ፈረደ፣ ይርጋ፣ ሰርኪስ... "ዳይ፣ ዳይ! ይበቃል!" ብሎ እጁን አነሣና የመጨረሻውን ጻፈ። ሌላው ሰው ሁሉ የአያቱን ስም ይዞ ሲገባ እኔ ሰርኪስ ሆኜ ቀረሁ።

ከሰርኪስ በላይ ማን እንዳለ አላውቅም ነበር። አባቴ ቆጠራውን ሲያስተምረኝ ሰርኪስ ላይ ሲደርስ ወደ ሰርኪስ እናት ወደ ታንጉት ይዘላል። "አባቱስ?" ስለው፣ "ዝም ብለህ ቁጠር!" ይለኛል። አባቴን ሱዳን ቀበርነው፤ መልሱም አብሮት ተቀበረ። እናም አውቶቡስ ስጠብቅ ልቤን የሚበላው አንድ ነገር ነበር፦ ታንጉት ከአርመን ወልዳ ይሆን እንዴ? እንዲያ ከሆነስ ለልጄ ምን ብዬ እነግራታለሁ?

ቲኬቱ ባለፈው ወር ከከፈልኩት በጣም ጨምሯል። እዚህ አገር ዋጋ ከአውቶቡስ ይፈጥናል። የብርቱካን እርሻውን አልፈን ጥድ የሞላበትን ዳገት ስንይዝ፣ መንገድ ዳር የድሮ ጦርነት መኪናዎች ዝገው ቆመዋል። ኪርያት አርዬ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ብረት በያጅ ነኝ፤ አባቶቼም ብረት ሠሪዎች ነበሩ። ለዚያ ሙያ እኛ አይሁዶቹ ጎንደር ላይ "ቡዳ" ተብለንበታል። እዚህ ደግሞ "ክርስቲያን" እንባላለን። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!

ሦስት ሰዓት፣ ኢየሩሳሌም

የአርመኖቹ ሰፈር ግንቡ ረጅም ነው፤ በሩም ሁሉ ዝግ። አንድ ሽማግሌ ብር አንጥረኛ ብቻ ሱቁን ከፍቶ ተቀምጧል። በተሰባበረ ዕብራይስጤ ነገሩን ነገርኩት። በሣቅ ሞተ።

"ሰርኪስ? የእኛ ሰው ግማሹ ሰርኪስ ነው! አጎቴም ሰርኪስ ነበር። ጥቁር ዘመድ አገኘሁ በላ!" ብሎ ሻይ አስመጣልኝ።

ሣቁ ሲያልፍለት ከእነሱ አንጥረኞች ወደ ሐበሻ አገር የሄዱ እንደነበሩ አጫወተኝ። ስማቸውን አያውቅም። ዘመድ እንዳልሆንን የሚገልጽ ወረቀት ከካህናቱ ያወጣልኝ እንደሆነ ለመንኩት።

"እነሱ ቢጽፉ 'ሰርኪስ የእኛ ስም ነው' ብለው ነው የሚጽፉት" አለኝ። "ያ ላንተ ይጠቅምሃል?"

አይጠቅመኝም። ሻይዬን ጠጥቼ ተነሣሁ። ደግ ሰው ነው፤ ግን ደግነቱም ጭምር አበሳጨኝ።

ዘጠኝ ሰዓት፣ አሽቀሎን

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ሥሩ ያለው የአባቴ ታላቅ እህት፣ እትዬ ወርቄ ዘንድ ነው። አሽቀሎን በአዲስ ገቢዎች ማረፊያ ውስጥ ይኖራሉ። ጉልበታቸው እንጂ ልባቸው አልደከመም። ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል አቀረቡልኝ፤ ሳልነካው ጠየቅኳቸው።

"እትዬ፣ የሰርኪስ አባት ማን ነው? አርመን ነው?"

"ምን አባህ ትላለህ! የታንጉት ባል በላይ ነዋ! የወለቃ መንደሩ ብረት ሠሪ!"

"ታዲያ ለምን በቆጠራው አይገባም?"

ነጠላቸውን አስተካክለው ጀመሩ። ታንጉት አምስት ወልዳ አምስቱንም ቀብራለች። ስድስተኛው ሲወለድ ሞት እንዳያገኘው ሸጠችው።

"ሸጠችው?"

"ለይምሰል ነው እንጂ! ልጅ ያልጠናላት መንገድ ዳር ትቆማለች፤ ቀድሞ ያለፈ ሰው ልጁን ይገዛል፣ ስም ያወጣለታል፣ 'አሳድጊልኝ' ብሎ ይመልስላታል። ቀድሞ ያለፈው አንድ አርመን አንጥረኛ ሆነ። አንድ አሞሌ ጨው ሰጥቶ የራሱን ስም አወጣለት። እንኳን ሕፃኑን ልታስነካው፣ ጨውንም ከእጁ አልተቀበለችም። ድንጋይ ላይ አስቀምጦላት ራቅ ሲል ነው ያነሣችው። ከወገናችን ውጭ የሆነ ሰው አይነካንም፤ ሕጋችን ነዋ!"

"የበላይስ ስም?"

"ተሸጧል ከተባለ በኋላ አባቱ ማን ተብሎ ይጠራል? ሞት ሰምቶ ቢመጣስ? ዝም ተባለ፤ በዚያው ቀረ።"

አለቀስኩ፤ አልደብቃችሁም። ታንጉትን ስንት ጊዜ በልቤ እንደጠረጠርኳት ሳስበው አፈርኩ። የሌላ ሰው እጅ ላለመንካት ጨው ከድንጋይ ላይ ያነሣችን ሴት ነው አይሁድነቷን የሚጠይቁኝ! እትዬ ወርቄ የነገሩኝን የማረፊያው ቄስ፣ የእኛው የአይሁዶቹ ካህን፣ በአማርኛ ጻፉልኝ፤ ፈረሙበት። እዚያው አደርኩ።

ሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ፔታሕ ቲክቫ

ቤት ስገባ አዳነች ከእጮኛዋ ጋር ቆማ ትስቃለች። ወረቀቱን ከኪሴ ሳላወጣ ቀደመችኝ።

"አባ፣ በሰደር፣ ሁሉም ተስተካክሏል፣ አለቀ! ትናንት ስሜን ቀየርኩ። ዛሬ ሌላ ከተማ ሄደን ለጋብቻው ተመዘገብን።"

"ምን ብለሽ ቀየርሽ?"

"ሻሎም። አዳነች ሻሎም። አንድ ፎርም ነው፣ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ማንም ምንም አልጠየቀኝም።"

እዚህ አገር እሑድ የሥራ ቀን ነው። መጀመሪያ ተቆጣሁ። እጮኛዋ አንገቱን ደፍቶ ወደ በረንዳ ወጣ። ከዚያ አስቀመጥኳትና ሁሉንም ነገርኳት፦ አምስቱን መቃብር፣ አሞሌውን፣ ከቆጠራው የወጣውን በላይን። በዕብራይስጥ ትመልስልኝ የነበረችው ልጅ አዳመጠችኝ፤ እንባዋም ወረደ። ማስረጃ እንዳገኘሁ፣ ነገውኑ ስሟን ብትመልስ ያ መዝገብ ያዥ አፉን እንደሚይዝ ነገርኳት። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀችና በዕብራይስጥ ጠየቀችኝ።

"መዝገብ ያዡ የአማርኛ ደብዳቤ ያነባል አባ?"

አያነብም። እኔም አውቀዋለሁ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ቢኖር፣ እውነትን ማግኘትና በእውነት መዳን ለየቅል መሆናቸውን ነው። አንዱን አሽቀሎን ድረስ ሄጄ አገኘሁት፤ ሌላውን ልጄ በግማሽ ሰዓት ፎርም ገዛችው።

"ታንጉትስ ምን አደረገች?" አለችኝ እንባዋን እየጠረገች፣ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፏ ዕብራይስጥ ሳይወጣ። "ልጇ እንዲኖር የባዕድ ስም አልገዛችለትም? እኔም እኮ እንድኖር ነው።"

ደብዳቤውን ኪሴ ውስጥ እንዳለ ተውኩት። ከበላይ ዘር በዚህ ቤት ሰርኪስ ተብሎ የቀረው እኔ ብቻ ነኝ።