«ይቆጨኛል» ያለች ዕለት

እኔና እሷ አንድ ሱቅ ውስጥ መጋረጃ ስንሰፋ ዕድሜያችንን ፈጀን። የእኔ ምላስ ረዘም ይላል፤ የእሷ ቃል ደግሞ አይታጠፍም። ሰፈሩ «እትዬ ትክክል» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት አንድ የተናደደ ደንበኛ ነው። መጋረጃው አጥሮበት እየተንጨረጨረ ሲመጣ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ቀና ብላ አየችውና፣ ልኩ ትክክል ነው፣ ወለልህ ነው ዝቅ ያለው አለችው። ሰውዬው አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔ ጨርቅ ያነሳሁ መስዬ ጠረጴዛው ሥር ገብቼ በሳቅ ሞትኩ። በማግስቱ ቤቱ ድረስ ሄዳ፣ እንደገና ለክታ፣ ያለ ክፍያ አስረዝማ ሰጠችው። «ተሳስቻለሁ» የሚለው ቃል ግን ካፏ አልወጣም። እንዲህ ናት እንግዲህ።

ደም የጀመራት የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ነው። የወር አበባዋ አንዴ ከመጣ መቆሚያ የለውም። ጥቁር ቀሚስ ብቻ እየለበሰች ትመጣለች፤ ወንበሯ ላይ ፎጣ አጥፋ ታነጥፋለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ኧረ ሐኪም ጋ ሂጂ እያልኩ ብነዘንዛት፣ መጀመሪያ የሆቴሉ ሥራ ይለቅ ትለኛለች። ያኔ የአንድ ትልቅ ሆቴል መጋረጃ ይዘን ነበር፤ ክፍሉ ብዙ፣ ቀኑ አጭር። በመጨረሻ መቀሱን እንደያዘች ራሷን ስታ ስትወድቅ ጊዜ ጎትቼ ወሰድኳት።

ሐኪሙ ማህፀንሽ ውስጥ እጢ አለ አላት። ክፉ አይነቱ አይደለም፣ ደሙን የሚያመጣው ግን እሱ ነው። ልጅ አለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት፤ አንድ ወንድ ልጅ አለኝ አለች። እንግዲያው ማህፀኑን እናውጣውና ተገላገይ አላት። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ ደጁ ላይ የተሰለፈው በሽተኛ ብዛቱ ለጉድ ነበርና ቸኩሏል። እሷም ቸኩላለች። እንዲህ ተቻኩለው ተስማሙና በዚያው ሳምንት ተኛች።

ስትወጣ ደሙ ቆሟል። ቀለሟ ተመለሰ፣ ነጭ ቀሚስ ገዛች፣ ሱቃችን ለገባች ሴት ሁሉ «ተገላገልኩ» ማለት ሥራዋ ሆነ። ወገቤን አመመኝ ያለችም፣ ደም በዛብኝ ያለችም ከእሷ አፍ የምትሰማው አንድ ነገር ነው፤ አስወጪው፣ ምን ያደርግልሻል። እኔ ራሴ አንድ ቀን ሆዴን ሲቆርጠኝ ልትልከኝ ነበር። የቆረጠኝ ሆዴ ነው እንጂ ማህፀኔ ምን በደለ ብያት ተሳሳቅን። እንዲያው ምን አለፋችሁ፣ አምኛት ነበር።

ነገሩ የተበላሸው አንዲት አዋላጅ ነርስ ለሳሎኗ ጨርቅ ልትመርጥ የመጣች ቀን ነው። ጓደኛዬ እንደ ልማዷ የመገላገሏን ወሬ ጀመረችላት። ሴትየዋ ጨርቁን እያገላበጠች፣ «ለእጢ ነው? እጢውን ብቻ አላወጡልሽም ነበር?» አለቻት። በክፋት አይደለም፣ እንዲሁ አፏ ላይ መጥቶላት ነው። ከዚያ ስለ ቀለሙ ማውራቷን ቀጠለች። ጓደኛዬ ግን የጀመረችውን ሳትጨርስ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ያን ቀን ሁለት መጋረጃ በግልባጩ ሰፋች፤ እሷ በግልባጭ ስትሰፋ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የሕፃን ክፍል መጋረጃ ሲታዘዝ ወደ እኔ ትገፋው ጀመር። ዓሣና ኮከብ የታተመበት ጨርቅ ዐይኔን ያጭበረብረኛል ትላለች። ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ ያለ መነጽር የምትሰፋ ሴት ናት እኮ ይህን የምትለኝ። አንድ ጊዜ ሰው ቤት ልንለካ ሄደን፣ እኔ ሳሎኑን ጨርሼ ብፈልጋት፣ የልጆቹ ክፍል ውስጥ ትንሿ አልጋ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። መስኮቱን አልለካችውም። ስንመለስ መንገድ ላይ፣ አያስፈልግም ነበር ይሆን እንዴ አለችኝ። ምኑ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሂጂና የሚያውቅ ሰው ጠይቂ አልኳት። ብጠይቅስ አለች። ያስፈልግ ነበር ካሉኝ አላምናቸውም፤ አላስፈለገም ካሉኝ ደግሞ ይኼን ይዤ የት እገባለሁ። አንጀቴን በላችው። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩን ሁለታችንም አላነሳነውም፤ እሷም ሱቅ ውስጥ «ተገላገልኩ» ማለቷን አልተወችም።

ታናሽ እህቷ ፀጉር ቤት ነው የምትሠራው። ለእትዬዋ ያላት ፍቅር ለጉድ ነው፤ እትዬ የረገጠችው ድንጋይ ላይ ካልረገጠች እግሯ አይራመድም። አንድ ልጅ አላት፣ ሁለተኛ ትመኛለች። ባለፈው ዓመት አንድ ከሰዓት መጣችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ያው ደም፣ ያው እጢ፣ ያው ምክር። ሐኪሙ ማህፀኑ ይውጣ ሲለኝ መጀመሪያ ዓለም ዞረብኝ አለች፤ ኋላ ግን እትዬ ትዝ አለችኝ፣ እሷ አድርጋው ይኸው ስንት ዓመቷ፣ ለእኔ ምን ይከብደኛል ብዬ እሺ አልኩ። ሐሙስ ትተኛለች። ይህን ስትናገር እየሳቀች ነው፣ ዐይኗ ግን እንባ አቅርሯል። እህቷን ነው የምታየው፣ አይዞሽ እንድትላት።

ጓደኛዬ «ጥሩ» አለችና ስፌቷን ቀጠለች።

ደሜ ፈላ። ልጅቷ እስክትወጣ ምላሴን ነክሼ ቆየሁና በሩን ዘጋሁት።

«ለምን አትነግሪያትም?» አልኳት።

«ምን ብዬ?»

«ያለውን ነዋ።»

የስፌት መኪናውን አቆመች። «ሌላ ሐኪም ጋ ሄዳ፣ እጢውን ብቻ አውጥተው ቢሸኟትስ? አንድ እናት ነች የወለደችን። ሕመማችን አንድ ነው። እስከ ዛሬ ምናልባት ግድ ነበር እያልኩ ነው የማድረው። እሷን ባየሁ ቁጥር አልነበረም እያልኩ ልኑር?»

«አንቺ እንዳታውቂ ተብሎ እሷ ማህፀኗን ትስጥ?»

ክፉ ንግግር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሌላ የምለው አልነበረኝም። ማታ ስንዘጋ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ጥላልኝ ሄደች። ኩርፊያዋ ድሮም ሳምንት ይፈጃል፤ እኔ ደግሞ ሐሙስን ነው የምቆጥረው። እሷ ካልነገረቻት እኔ ሄጄ እነግራታለሁ፣ የመጣው ይምጣ ብዬ ቆርጬ ነበር።

በነጋታው ግን ገና ሱቁን ስንከፍት፣ እህቴን ዛሬ ቤት ጠርቻታለሁ፣ አንቺም ትመጫለሽ አለችኝ። ብቻዬን ከሆንኩ ስለ ሌላ ነገር አውርቼ እሸኛታለሁ አለች። ዐይኗ አብጧል፣ እንቅልፍ አልነካትም። ማታ ሱቁን ዘግተን ተከተልኳት።

ቤቷ ስንደርስ ባሏም አለ። የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ መሪ ካልያዘ እጁን የት እንደሚያሳርፍ የማያውቅ ዝምተኛ ሰው። መስኮቱ ሥር ተንበርክኮ የላላ ማጠፊያ ያጠብቃል። እህትየው ሻይዋን ይዛ ስለ ሐሙስ ታወራለች፤ ልጇን ማን እንደሚይዝላት፣ ፀጉር ቤቱን ማን እንደሚሸፍንላት። ጓደኛዬ ቆማ ነበር፣ ተቀመጠች።

«ስሚኝ፣ አታቋርጪኝ፤ ካቋረጥሽኝ አልጨርሰውም» አለቻት። «ተገላገልኩ ስልሽ የኖርኩት እውነት አይደለም። ይቆጨኛል። ቁጭ ብዬ ስሰፋም፣ ስተኛም ይቆጨኛል። አንድ ሐኪም ያለኝን ይዤ፣ ሥራዬ እንዳይቆምብኝ ብዬ ነው የተኛሁት። ይኼ ሰውዬ» አለች፣ ባሏን ሳታየው እጇን ወደ እሱ እየዘረጋች፣ «ሌላ ሐኪም እናሳይ ብሎ ለመነኝ። ሆዱ ያንተ ነው ወይ ብዬ አፉን አዘጋሁት። አንቺ እንደ እኔ እንዳትሆኚ።»

የመፍቻው ድምፅ ቆመ። ሰውዬው ዞሮ አላየንም፤ እዚያው ተንበርክኮ ቀረ። እህትየው ግን አልቅሳ አቅፋት ዝም የምትል መስሎኝ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ተቆጣች። ይኼን ሁሉ ዓመት ለምን ዋሸሽኝ፣ አንቺን አምኜ እኮ ነው እሺ ያልኩት፣ ዛሬ ባትጠሪኝ ገብቼልሽ ነበር አለቻት። ጓደኛዬ አንገቷን ደፍታ ሰማቻት። «እውነትሽን ነው» አለች። እሷ፣ እትዬ ትክክል። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

ሐሙስ ቀረ። ሌላ ሐኪም ተፈለገና ሦስታችንም ሄድን። ወጣት ሴት ናት፣ እርጋታዋ ደስ ይላል። በማሽን አየቻት፣ እንደገና አየቻት፣ ከዚያ ወረቀት ላይ ሥዕል ሥላ አስረዳችን። እጢውን ለብቻው አወጣዋለሁ፣ ማህፀኑ ይቀራል አለች። ተመልሶ ሊመጣ እንደሚችል፣ እርግዝናም ቃል የሚገባበት ነገር እንዳልሆነ አልደበቀችም። እህትየው ፊቷ በራ። ወዲያው እህቷን አየችና ፈገግታዋን ለመደበቅ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ነካካች። ያቺን ጎንበስ ማለት እኔ አየኋት፤ ጓደኛዬም አየቻት።

ልንወጣ ስንል ጓደኛዬ በሩ ላይ ቆመች።

«ዶክተር፣ የዛሬ ስምንት ዓመትም እንዲህ ይሠራ ነበር?»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ገብቷታል። «ይሠራ ነበር። የእርስዎን ሳላይ ግን ምንም ማለት አልችልም። እንደ እጢው ቦታና ብዛት ነው። ሊቻልም ላይቻልም ይችል ነበር።»

ጓደኛዬ አመስግና ወጣች። ስትፈራው የኖረችው መልስ እንኳን በቅጡ አልመጣላትም። ቁርጡን ቢነግሯት አልቅሳ ይወጣላት ነበር፤ አሁን እንዳንጠለጠሏት ቀረች። ኮሪደሩ ላይ ክንዷን ያዝኳት። የእሷስ ተረፈላት አለችኝ፣ እህቷን በአገጯ እያሳየች። የእኔ ይቆጨኛል፣ የእሷ ደስ ይለኛል፣ ሁለቱም አንድ ሆድ ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጡ አላውቅም አለች።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። እህትየው የወጣች ቀን የጓደኛዬ ባል በሚኒባሱ መጥቶ ወሰደን። እሷን ቤቷ አስገብተን፣ ትራሷን አመቻችተን፣ ስንመለስ ሦስታችን ብቻ ነን፤ ጓደኛዬ ፊት ከባሏ ጎን፣ እኔ ከኋላ። መንገዱ ተዘጋግቷል። እኔ የሆነ ያልሆነውን እለፈልፋለሁ። እሷ በመሐል አቋረጠችኝና ወደ ባሏ ሳትዞር ተናገረች።

«ሌላ ትፈልግ ነበር?»

ምኑን ብሎ አልጠየቃትም። ዐይኑን ፊት ለፊቱ ከቆመው መኪና ላይ አላነሳም።

«ሴት ልጅ» አለ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ተገላገልኩ፣ ተገላገልኩ ስትይ እሰማሻለሁ። ደስታሽን ላበላሽብሽ?»

ያ የውሸት «ተገላገልኩ» ለደንበኛ ብቻ ይመስላት ነበር፤ ለካ ቤቷ ውስጥ ይኼን ሰው ስምንት ዓመት አፉን ዘግቶታል። ከፊት ያሉት መኪኖች ተንቀሳቀሱ፣ ከኋላችን ጥሩንባ ይነፋብናል፣ እሱ ግን አልነዳም። እዚህ ጋ ልውረድ አልኩ። ማን ይስማኝ።

«ስም አውጥተህላት ነበር?» አለችው።

ራሱን ነቀነቀ።

«ማን?»

ነገራት። እሷ ስሙን ቀስ ብላ አንዴ ደገመችው፣ ልክ ሰው እንደሚጠራ፤ ከዚያ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ ስታለቅስ፣ ባሏ ያን ሁሉ ጥሩንባ ትቶ መሪውን ለቀቀና አቀፋት። ስሙን እኔም ሰምቼዋለሁ። አልነግራችሁም፤ የእነሱ ነው።