በቄጠማው ላይ የተጣለው ድንኳን

ከባለቤቴ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ ቄጠማ መትከል ነበር። እሱ ቦቲ ጫማውን አጥልቆ ረግረጉ ውስጥ ቆሟል፤ እኔ ዳር ሆኜ ችግኙን ከነጭቃው ከባልዲ እያወጣሁ አቀብለዋለሁ። ጉልበቱን እንደሚያመው ስለማውቅ ይበቃናል አልኩት። ይቺን ብቻ አለኝ። ከዚያ ቤት ገብተን ምስር ወጥ በላን። በማግስቱ ከእንቅልፉ አልነቃም።

ረግረጉ ልደታ ካለው ቤታችን ጀርባ፣ ወንዙ ዳር ያለ የሰፈሩ ቁራጭ መሬት ነው። ድሮ ቆሻሻ ይደፋበት ነበር። ባለቤቴ ጡረታ ሲወጣ ፌስታሉን ለቅሞ ቄጠማና ደንገል ተከለበት። ከሰፈሩ ቱቦ የሚወርደው ጥቁር ውሃ በቄጠማው መሀል ሲያልፍ እየጠራ ይሄዳል። ከላይና ከታች በሁለት ብርጭቆ ቀድቶ ያሳየኛል፤ እኔ ደግሞ በእንግዳ ብርጭቆዬ እያልኩ እቆጣዋለሁ። እንቁራሪቶች ሲመለሱ ጎረቤቶቻችን “የእንቁራሪቶቹ አባወራ” አሉት። ለበዓል ቄጠማ የጠየቀውን ሁሉ ራሱ እያጨደ ይሰጣል፤ ሥሩን ግን ማንም እንዲነካ አይፈቅድም ነበር።

ሲሞት ድንኳን የሚጣልበት ቦታ ጠፋ፤ መንደራችን ጠባብ ነው። እኔ ራሴን አላውቅም። የዕድሩ ሰዎች ሰንጋ ተራ ከሚሠራ ሕንፃ አንድ መኪና ገረጋንቲ አስመጥተው ረግረጉን ደለደሉት። ደግፈው ሲያስገቡኝ ጠጠሩ ከእግሬ ሥር ሲንኮሻኮሽ ነው የት እንዳለሁ የገባኝ።

የዕድሩ ዳኛ አጠገቤ ቁጭ አሉ። “የእሱን ለቀስተኛ ጭቃ ላይ አናስቀምጥም ብለን ነው” አሉኝ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው አፈር ለብሷል። እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው።

ድንኳኑ ሲነሳ ሁሉም ቦታው አማረ አለ። ዕድሩም ለወደፊቱ ድንኳን መጣያ እንዲሆን ተስማማ። ክረምት ገባ። የቱቦው ውሃ መግቢያ አጥቶ ጓሮዬ ውስጥ ተኛ፤ ሽታው ቤት ድረስ ዘለቀ። እንቁራሪት የሚባል አልሰማሁም።

ዳኛው ቤት ሄጄ ገረጋንቲውን ላወጣው ነው አልኳቸው። የእሱ ሥራ ከሥሩ እንዳለ ነገርኳቸው።

“ታዲያ ያኔ ምነው ዝም አልሽ፣ እህቴ?”

“ለእሱ ብላችሁ ነበራ።”

ነገ ሌላ ሰው ሲሞት ለቀስተኛውን የት እንደምናስቀምጥ እንጃ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። በመጨረሻ፣ “በመንገዱ በኩል ያለውን ግማሹን ተይልን” አሉኝ። እሺ አልኩ።

አሁን ጠዋት ጠዋት በወንዙ በኩል ያለውን ገረጋንቲ በባልዲ አወጣለሁ። ያልበሰበሰ ሥር ሳገኝ መልሼ ጭቃው ውስጥ እተክለዋለሁ።