የቁስለኛ ማመላለሻዋ ድምፅ

የመነሻ ትእዛዝ የደረሰን አዘዞ ካምፕ ውስጥ፣ ጎህ ሲቀድ ነበር። የድንበሩ ጦርነት ጊዜ ነው። እኔ የሻምበላችን የቁስለኛ ማመላለሻ ሾፌር ነበርኩ። ቁልፉን ሳዞር መኪናዋ ተነሳች፤ ከሞተሩ ፊት ለፊት ግን ቆርቆሮ በሰንሰለት የሚገረፍ የሚመስል ድምፅ መጣ። ካቴናዋ ከመቀየሩ በፊት ይህ ድምፅ አልነበረባትም።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ይህ ካቴና ሞተሩ ውስጥ ያለ ሰንሰለት ነው፤ የታችኛውንና የላይኛውን ዘንግ እኩል ያስኬዳል። ላልቶ ጥርስ ከዘለለ ሞተሩ ቀጥ ይላል።

የገጠመው መካኒካችን ሰይድ ነው። የጎንደር ልጅ፣ ከአያት ከቅድመ አያቱ የነጋዴ ቤተሰብ፤ አጎቱ ከተማ ውስጥ የመለዋወጫ ሱቅ ነበረው። እኔ ቫልቭ መስሎኝ ነበር። ሰይድ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ ተክሎ እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገ። ከላይ ሰማ፤ ከዚያ ወደ ፊተኛው ሽፋን ወረደ። ነዳጅ ስጥ አለኝ፤ ሰጠሁ። ልቀቅ አለኝ፤ ስለቅ ድምፁ ባሰ። ቫልቭ አይደለም፣ ካቴናው ላልቶ ሽፋኑን እየገረፈው ነው አለ። ካቴናው አዲስ ነው፤ ካቴናውን ወጥሮ የሚይዘው መወጠሪያ ግን ሞላው የደከመ አሮጌ ነው።

ሁለቱ ዕቃዎች የሚመጡት አብረው ነው። ንብረት ክፍል ግን ለሰይድ የሰጠው ካቴናውን ብቻ ነበር፤ ሌላው አልመጣም ብለውታል። ካቴናውን በተቀበለ ማግስት አጎቱ መልእክት ላከበት፦ አንድ ሰው አዲስ መወጠሪያ ከነማሸጊያው ሊሸጥለት መጥቶ፣ የሠራዊቱን ምልክት አይቶበት መልሶታል።

ወደ ንብረት ኃላፊው ወደ መቶ አለቃው ሄድን። መጥቶ ድምፁን ሰማ። አላዋቂ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ይቅር ባልኩት። መቶ አለቃው ግን ለዓመታት የነዳ ሰው ነው፤ ምን እንደሰማ ፊቱ ላይ አየሁት። ሰይድ ዕቃው ከተማ ውስጥ መታየቱን ነገረው።

«የሚነሳ መኪና ይሄዳል» አለ መቶ አለቃው።

«ቁስለኛ ነው የምንጭንባት፣ መቶ አለቃ» አልኩት።

«ትእዛዝ ሰምታችኋል።»

እምቢ ብል ሻምበሉ ያለ ቁስለኛ መኪና ሊዘምት ነው። ሌላ አልነበረንም። ተነሳን።

አምባ ጊዮርጊስ ላይ የገበያ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ሸኘን። ሊማሊሞን ስንወርድ መከራ ነበር። በማርሽ ብይዛት ካቴናው ሊዘል ነው፤ በፍሬን ብይዛት ፍሬኑ ይግላል። ከኋላ የተጫኑት ወታደሮች ይዘፍናሉ። የእኔና የሰይድ ጆሮ ሞተሩ ላይ ነበር። ከተከዜ ማዶ ስንሰፍር ሰይድ ሞተሩን ከፍቶ ከሞላው ጀርባ ቁራጭ ብረት አስገባ። ድምፁ ቀነሰ። እሱ ግን ይህ ብዙ እንደማያቆየን ነገረኝ።

እንድንይዛት የታዘዝነው ኮረብታ ዛፍ የሌላት ራሰ በራ ነበረች። መድፍ የጀመረው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ወጣን። መለሱን። እንደገና ወጣን። ረፋድ ላይ ጫፏን ያዝን።

ሦስት ቁስለኞች ጫንኩ። አንዱ ታደለ ነው፤ የጭልጋ ገበሬ ልጅ፣ ጭኑን የተመታ። ደሙ ፋሻውን አልፎ ይወጣል። ሰይድ ቁስሉን በእጁ ተጭኖ አብሮት ከኋላ ተቀመጠ። የሐኪሞቹ ድንኳን ሩቅ አልነበረም።

«ብቻ አድርሰኝ፣ እተርፋለሁ» አለኝ ታደለ።

ደረቁን ወንዝ ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ድምፁ ተመለሰ። ከዚያ አንድ ጊዜ ጓ አለና ሞተሩ ጠፋ። ቁልፉን አዞርኩ፤ ማስነሻው ሞተሪኖ ባዶውን ዞረ። ሰይድ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ያ ገጠመኝ ዛሬም ያንገበግበኛል፤ ጠላት አልመታንም፣ ፈንጂ አልረገጥንም፣ መንገዱ ክፍት ነበር።

ቁስለኞቹን በቃሬዛ ተሸከምን። የምንችለው አንድ አንዱን እያመላለስን ነው። ታደለ ድንኳኑ እየታየን ሞተ። ሁለተኛውን ለመውሰድ ስንመለስ ከመኪናዋ ጥላ ሥር ሞቶ አገኘነው። ሦስተኛው ተረፈ።

በዚያች ቀን ከሻምበላችን አሥራ ሦስት ሰው ሞተ። አሥራ አንዱ ኮረብታዋ ላይ ወደቁ። ሁለቱን የገደላቸው ግን ጠላት አይደለም። ሰይድ ይህንን ለበላይ አመለከተ። በጦርነት መኪና ይበላሻል ብለው መለሱት። መቶ አለቃውን የጠየቀው የለም።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ጭልጋ ሄጄ የታደለን አባት አገኘኋቸው። አያ ተገኘ ይባላሉ። ደጃፋቸው ላይ አስቀመጡኝ። ሌላው ልጃቸው በረት ያጥር ነበር። ታደለ ቆስሎ መኪና ላይ መጫኑን ሌሎች ነግረዋቸዋል።

«ተጭኖ ሳለ ምነው ሞተ?» አሉኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዕቃውን፣ ሽያጩን፣ መቶ አለቃው ድምፁን ሰምቶ ያለውን። ንዴቴ አፌን ይዞት ሄደ፤ ስሙን ልጠራ ስል እጃቸውን ጉልበቴ ላይ ጣሉ።

«ስሙን አትጥራብኝ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያ የምታየው ልጅ ከሰማ ዝም አይልም። የቀረኝ እሱ ነው።»

ስሙን ዋጥኩት። ልጁ አጥሩን ጨርሶ መጥቶ እጅ ነሣኝ፤ ወንድሜን የተሸከምከው አንተ ነህ አሉኝ ብሎ አመሰገነኝ።

የሰውየውን ስም እዚህም አልጻፍኩም። ይህን ያደረግሁት ለአያ ተገኘ ስል ነው። ንዴቴ ግን እስከ ዛሬ አልበረደም፤ እንዲበርድልኝም አልለምንም።