ፔጆዋን በዜማ የመሩ መሪጌታ

«መሪጌታ ስንሻው? ኧረ ተይ፤ ትናንት እኮ ባጃጅ ሹፌሩን "ፍሬን የሚያዝ ከመታጠፊያው በፊት ነው" እያሉ ሲቆጡት ሰምቻለሁ።»

ዛሬ ጠዋት ወረታ መገንጠያው ላይ አንዲት ሴት ለጓደኛዋ እንዲህ ስትል ሰማሁና በቂ ማስረጃ ሆኖ አገኘሁት። ትናንት ፍሬን ሲያስተምር የዋለ ሰው ዛሬ አይሞትም። ተረጋግቼ ቲማቲም ገዛሁ። ቤት ስገባ ስልኬ «ነፍስ ይማር» በሚል መልእክት ተሞልቶ ጠበቀኝ።

አሁንም አላመንኩም። ቢሆንም እጽፋለሁ።

ለማታውቋቸው፦ መሪጌታ ስንሻው የዜማ መምህር ነበሩ። በፎገራ ቅኝቱ ሳይዛነፍ የሚቀድስ ቄስ ካገኛችሁ ከእሳቸው ጉባኤ የወጣ ነው። እኔ እስከማውቀው ደግሞ የራሊ መኪና የወደዱ ብቸኛው መሪጌታ ናቸው። ይህን ምን አመጣው ለሚሏቸው መልሳቸው አጭር ነበር፦ «ኤልያስ በእግሩ ነው እንዴ የሄደ?»

ጊዜው ደርግ ነው። እኔ ከአዲስ አበባ ለማስተማር ወረታ ተመድቤያለሁ። እርሻ መሥሪያ ቤቱ ግቢ አንዲት ነጭ ፔጆ 404 ቆማለች፤ በሯ ላይ የውድድር ቁጥር፣ ግንባሯ ላይ ትርፍ መብራቶች። ከአብዮቱ በፊት በደጋው የራሊ ውድድር ስትሮጥ የኖረች ናት። ከባለቤቷ ተወርሳ፣ ከቢሮ ቢሮ ስትዛወር እኛ ዘንድ ደረሰች። የመሥሪያ ቤቱ ሹፌር ጋሽ ታደለ ደግሞ በወጣትነቱ የእነዚህ መኪኖች መካኒክ ነበር። ከዚያ ዘመን የቀረችው እሷ ብቻ ስለነበረች እንደ ዘመድ ነበር የሚያያት።

ታደለ አንድ ቀን ለመሪጌታ ስለ ራሊ ሲያጫውታቸው፣ ከነጂው ጎን ተቀምጦ የመንገዱን ጠመዝማዛ ቀድሞ የሚያነብለት ሰው እንዳለ ነገራቸው። መሪጌታም ይህ የእኛ ሥራ ነው አሉ።

ከዚያ በኋላ ታደለ ለሥራ ደብረ ታቦር በሄደ ቁጥር አብረው ይሳፈሩ ጀመር። መንገዱን በዜማ ምልክት ያዙት። ዳገቱ ቅናት፣ ቁልቁለቱ ድፋት፣ ቀጥ ያለው ሒደት፣ ፍሬን የሚያዝበት ቁርጥ፣ ሆድ የሚያንቀጠቅጠው ኮረኮንች ርክርክ። ሁሉንም በቃላቸው ያዙት፣ ታደለም እየሰማ ተማረ። ዜማ ቤት ያልገባ ሹፌር ሆኖ ቅናትና ድፋትን የለየ ሌላ ሰው አላውቅም።

አንድ ክረምት ከአውራጃው አንድ ካድሬ መጣ። ፔጆዋን ዞር ዞር ብሎ አያትና የፊውዳል መጫወቻ ናት፣ ትፈታና ሞተሯ አዲስ ለተጀመረው የሩዝ እርሻ ውሃ መሳቢያ ይሁን አለ። ታደለ ለመነ። ካድሬው በአዲሲቷ ሩሲያ ሠራሽ ጂፑ ይኮራ ነበርና ሳቀ። ነገ ጠዋት ደብረ ታቦር ከእኔ ቀድማችሁ ከገባችሁ ሳትፈታ ትቅር፣ ካልሆነ መፍቻ ይዛችሁ ጠብቁኝ አለ። ሲነጋ ደግሞ ጨመረበት፦ «እናንተ ቅደሙ፤ እኔ እደርስባችኋለሁ።»

እኔ ከኋላ ወንበር ነበርኩ፣ ከአንድ ኩንታል ሩዝ ጋር። ያኔ ሩዝ ለፎገራ እንግዳ ነበር፣ እኔም እንግዳ ነበርኩ፤ ሁለታችንንም ለክብደት ነው የጫኑን።

ዓለም ሳጋ ጫካ ስንደርስ ጭጋጉ ወረደ። ከመስታወቱ ወዲያ ነጭ ብቻ ነው። መሪጌታ ያዜማሉ፣ ታደለ ይታጠፋል። ሁሉም ያማረ ነበር፣ መሪጌታ ቁርጥ በሚባልበት ሒደት እስካሉ ድረስ። የፊት ጎማችን ከቦዩ አፋፍ ላይ ቆመ።

መሪጌታ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ተመለስ።»

«የት ነው የምመለስ፣ የኔታ?»

«ካለፍነው ድልድይ። የዜማው ቤት የሚጀምረው ከዚያ ነው።»

«የኔታ፣ ሰውዬው ከኋላችን እየመጣ ነው እኮ። መኪናዋን ይፈቷታል።»

«ይምጣ። ዜማ የሳተ ከመነሻው ነው እንጂ ከመሐል አይቀጥልም። ተማሪዎቼን በአለንጋ ያስተማርኩትን ዛሬ ልሽረው?»

ታደለ ጭጋጉን አየ፣ መሪጌታን አየ። ያለ እሳቸው አንድ ክንድ መሄድ አይችልም። ወደ ኋላ መልሶ አዞራት። ድልድዩ ጋ ቆዳ የደረበ አንድ ገበሬ ምን ጥላችሁ ነው አለን። ዜማ ስተን ነው አልኩት። «ታዲያ መመለስ ነዋ» ብሎ መንገድ ለቀቀልን።

ሁለተኛው ዙር አንድም አልተሳተም። ያን ቀን ታደለ የነዳውን ያህል ሰው ሲነዳ አላየሁም። ደብረ ታቦር ስንገባ የጂፑ ዱካ እንኳ የለም። ታደለ ወርዶ የፔጆዋን ግንባር ሳመ። መሪጌታም ዘወር ዘወር ብለው አዩና፣ ሰው አለማየቱን ሲያረጋግጡ፣ ሳሟት።

ከሰዓት ወረታ ተመለስን። ካድሬው ጭቃችንን አይቶ ትንሽ አሰበና «መንገድ ላይ አላየኋችሁም፤ ትቅር» አለ። መሪጌታ ይህን ቃል ዕድሜ ልካቸውን በየማኅበሩ፣ በየክርስትናው እንደ ምስክር ሲጠቅሱት ኖሩ። «በጂፕ እየበረረ ጀርባችንን እንኳ አላየም!»

ደህና ይሂዱ፣ መሪጌታ። ያቺን መኪና ከመፍቻ አድነዋል፣ እኔንም ከትካዜ። በመንገድዎ ላይ ጭጋግ አይኑር።

ካድሬው ያን ቀን ስብሰባ ነበረበት፤ ጂፑ ከወረታ አልተነሳችም።