መጥባት ያቃተው ልጄ

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ የቆምኩት ጌታ በልጄ አፍ ላይ ያደረገውን ልመሰክር ነው። ስናገር ነገር ስለሚጠፋብኝ በወረቀት ጽፌ መጣሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነውና ብደናቀፍ ታገሱኝ።

እኔ በአዲስ ቅዳም ከተማ ዙሪያ ከሰል አክሳይ ነኝ። ሚስቴ ጌታን ስታምን እኔ እምቢ አልኩ። ወንጌል ይዞ ደጄ የመጣውን ሁሉ አባርሬያለሁ፤ ከእናንተም መካከል ያባረርኳችሁ አላችሁ። አባቴ ታሞ ሲሞት ስንቱ ጸለየ፤ ምን ተገኘ? እል ነበር።

ከዚያ ሚስቴ ወሯ ሳይገባ ደም ግፊት ተነሳባት። እንጅባራ ሆስፒታል ወሰድናት፤ በኦፕራሲዮን ተገላገለች። ልጁ ከመዳፌ ብዙም አይበልጥ። ይተነፍሳል፣ ግን አይጠባም። በአፍንጫው በገባች ቀጭን ቱቦ የታለበ የእናቱን ወተት ይሰጡታል።

«ካልጠባስ?» አልኳት ሲስተሯን።

«መጥባትና መዋጥ ሳይማር ነው የወጣ። እናስተምረዋለን። እናቱ እስክትነሳ አንተ ታለማምደዋለህ።» ጣቴን አየችና፣ «ይህስ ዛፍ ይልጣል!» ብላ ጓንት ሰጠችኝ።

ከመመገቡ በፊት ጉንጩን ወደ ከንፈሩ እዳብሳለሁ። ከንፈሩን፣ ድዱን፣ ከዚያ ትንሿን ጣቴን ምላሱ ላይ አሳርፋለሁ። ምንም። በማግስቱም ምንም። ብጎዳውስ? እላለሁ። ትንፋሹ ሲቆራረጥ የኔም ይቆራረጣል።

አማቴ ከጥሊሊ ቅቤ ቋጥረው መጡ። «በጣት ማን አደገ? ቅቤ አልሰው፣ ጉሮሮው ይከፈት! ልጆቼን ሁሉ እንዲያ ነው ያሳደግሁ።»

«እማማ፣ ሳንባው ውስጥ ይገባል ብለዋል ሐኪሞቹ።»

«እንግዲያ ሲሞት እነሱ ይቅበሩልህ!»

ልክ ቢሆኑስ? ቅቤውን ተቀበልኳቸው። ልሰጠው ነበር፣ ወገኖቼ! ሚስቴ ከአልጋዋ፣ «አንዳች እንዳታስገባበት! ይልቅ ጸልይ» አለች።

«አንቺ ጸልዪ። የኔን አይሰማም።»

«ድምፅህን ሰምቶት አያውቅማ! ተናገር።»

ቅቤውን ለአማቴ መለስኩ። ልጁ አጠገብ ቆሜ፣ «ኢየሱስ የሚሉህ፣ ካለህ ይህ ልጅ እንዲጠባ አድርግ። ከሌለህ ዝም በል፤ እኔም ዝም እላለሁ» አልኩ። ያን ቀን ምንም የለም። ሲነጋ እንደገና ለመንኩት፤ አሁን ቁጣው አልቆ እንባ ብቻ ቀርቶኝ ነበር። ጣቴን ምላሱ ላይ ባሳርፍ ሳበኝ! ደካማ ነው፣ ግን ሳበኝ። ሃሌሉያ!

«ሲስተር! ያዘኝ!» ብዬ ጮህኩ።

«ቀስ በል፣ ታስደነግጠዋለህ» አለችኝና ከእናቱ ጡት አስጠጋችው። ትንሽ ሳበ፣ ደከመው። ደግሞ ሳበ። ክብር ለስሙ ይሁን!

አንዳንዱ «ሲስተሯ ናት ያዳነችው» ይለኛል። አዎ፣ አስተማረችኝ፣ ጌታ ይባርካት። የሚርደውን ልቤን የያዘው ግን ማን ነው?

ፍርሃቴ አልቋል አልልም፤ አልዋሽም። ሲያስለው ዛሬም ከእንቅልፌ ዘልዬ እነሳለሁ። ግን ለብቻዬ አልፈራም። ወንድሜ፣ እንደኔ ልብህ ከመረረ፣ ምሬትህን እንደያዝክ ና። ጌታ አይሸሽህም።

አሁን እናቱ ከኋላ ወንበር ላይ እያጠባችው ነው። ጭብጨባውን ለአፍታ ያዙልኝ። ስሙት።